ከአንድ ኬሻ ሁለት ሲኒ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ቡራዩ ላይ ከታክሲ ወረድኩና አዲስ የተከፈተ ሱቅ ገባሁ። የገባሁት ሳሙና ልገዛ ነበር። በሩ አጠገብ አንዲት ልጅ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግታ የታሸገ ቡና ታስቀምሳለች። በአንዱ ፔርሙዝ ቫኒላ ያለበት፣ በሌላው ካራሜል የገባበት፣ በሦስተኛው ምንም ያልተጨመረበት ግን ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ቡና ይዛለች። "እህቴ፣ ቅመሺና ለየቀኑ የሚሆንሽን ምረጪ" አለችኝ። ሦስቱንም ቀመስኩ። ቫኒላው ገና ሳይጠጣ ብስኩት ብስኩት ይሸታል፣ ከተዋጠ በኋላ ግን ምንም አይቀርም። ካራሜሉ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ሲኒው ሲጋመስ ይሰለቻል። ጥቁሩ ይመራል፣ ምላስ ላይ ይቆያል፣ ሌላ ነገር አይመስልም። ልጅቷ መልሴን ትጠብቃለች፣ ከኋላዬ ሰው ቆሟል፣ እኔ ደግሞ ሰው እየጠበቀኝ መናገር ዛሬም ያቅተኛል። "ሌላ ጊዜ" ብያት ሳሙናውንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ለየቀኑ የሚሆነው የትኛው ቡና ነው የሚለውን ይህን ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ሰበታ ውስጥ ስንከራከርበት ኖረናል። ያን ጊዜ አስረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ በጅማ መንገድ ዳር፣ ከታክሲ ተራው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ቡና እየቆላና እየፈጨ የሚሸጥባት ባለ አንድ በር ሱቅ ነበረችው። አንድ ሲኒ ቡና አንድ ብር የሚጠጣበት፣ የታክሲ መልስ በሳንቲም የሚሰጥበት ዘመን ነበር። ጠዋት ጠዋት የፋብሪካ ሴቶች ሰማያዊ ካፖርታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ሸብ አድርገው በሱቃችን ፊት ያልፋሉ። ከአስፋልቱ ማዶ ካሴት የሚሸጥ ቤት ነበር። ባለቤቱ የወደደውን ካሴት ክሩ እስኪላላ ድረስ ያጫውተው ስለነበር ዘፋኟ በሳምንቱ መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ወፍሮ የወንድ ይመስል ነበር። የከተማው ሰው አባቴን በአቶ ፈንታ በኦሮምኛው ኦቦ ታደሰ ይለዋል። ጎጃም የተወለደ ሰው ኦቦ መባሉ ማንንም አይገርምም ነበር፤ እሱም ቢሆን "አካም ቡልተን"፣ እንዴት አደሩ፣ ሲሉት መልሱን ቀጥ አድርጎ በኦሮምኛ ይመልስና ከዚያ ወደ አማርኛው ይሻገራል።

ቡናውን የሚቆላው በኤሌክትሪክ በሚዞር በርሜል ነው። በርሜሉ ጎን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከዚያች ቀዳዳ በማንኪያ አምስት ስድስት ፍሬ ይጨልፍና ከአፍንጫው ሥር ያደርጋል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ይጨልፋል። ከዚያ አንዴ ብቻ፣ ማንንም ሳያማክር፣ መያዣውን ስቦ ያራግፈዋል። ከደማቅ ቡናማ አያሳልፈውም ነበር። ቡና ላይ ሌላ ነገር መጨመር አይወድም። እናቴ ጤና አዳም ጣል ስታደርግበት "ለቅጠሉ ከሆነ ሙቅ ውኃ ይበቃሽ ነበር" ይላታል። ጎረቤቶቻችን ጨው ወይም ቅቤ ሲጨምሩ ምንም አይላቸውም፣ ግን የእነሱን ሲኒ ጨርሶ ሲወጣ አይቼው አላውቅም። "የጅማውን ከወለጋው፣ ያምናውን ከዘንድሮው በአፍንጫዬ እለያለሁ" ይል ነበር። ደንበኞቹም ያምኑታል፣ እኔም አምነዋለሁ።

የእኔ ሥራ ከትምህርት ቤት መልስ መፍጨት ነበር። ለመፍጨት መናገር አያስፈልግም፣ ማሽኑም ስለሚጮኽ ሰው አያናግረኝም። አባቴ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። በቡናው ወፍጮ ከቡና ሌላ ምንም እንዳይፈጭ። በስህተት ሌላ ነገር ከገባ ደግሞ ሁለት እፍኝ ገብስ አስፈጭቶ መድፋት፣ ከዚያ ሁለት እፍኝ ቡና አስፈጭቶ እሱንም መድፋት። ይህን "አፉን ማጠብ" ይለው ነበር።

የፋሲካ ሰሞን እናቴ ግማሽ ኪሎ የመከለሻ ቅመም አበጥራ፣ ኮረሪማውን ፈልፍላ፣ ቅርንፉዱንና ቁንዶ በርበሬውን መጥና በፌስታል ሰጠችኝ። ጎረቤታችን ካለው የቅመም ወፍጮ ቤት ወስጄ እንዳስፈጭ ነው። ወፍጮ ቤቱ ግን በዚያ ሰሞን ጦር ሜዳ ነው። ሴቶቹ በክርናቸው መንገድ ይከፍታሉ፣ በርበሬው ዓይን ያቃጥላል፣ ፈጪው "ቀጣይ!" ሲል ሦስት ሰው በአንዴ "እኔ ነኝ!" ይላል። ተራዬ ሦስት ጊዜ ደርሶ ሦስት ጊዜ ተወሰደብኝ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ዕቃዋን በእኔ ላይ አሻግራ አቀበለችና ዞር ብላ አየችኝ። "አንቺ ልጅ፣ ወረፋ ይዘሻል ወይስ ቆመሽ ነው?" አለችኝ። "ቆሜ ነው" አልኳት።

ፌስታሉን ይዤ ወደ ሱቃችን ተመለስኩ። አባቴ አዲስ ኬሻ ቡና ለማምጣት ተጂ ከተማ ሄዶ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጌ ቅመሙን በቡናው ወፍጮ ፈጨሁት። ማሽኑን ከፍቼ በጨርቅ ስጠርግና ገብስ ፍለጋ ስዞር እትዬ ዘይነባ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። እትዬ ዘይነባ በታክሲ ተራው ሻይ ቤት ነበራቸው። ቤተሰባቸው ሁሉ ነጋዴ ነው፣ እሳቸውም ሲናገሩ ድምፃቸው ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። "ዝምተኛዋ! አምስቱን ኪሎዬን ቶሎ፣ ቤቱን ለሾፌር ጥዬ ነው የመጣሁት፣ ስመለስ ስኳሬን ሁሉ ጨርሶት እንዳላገኝ!" አሉኝ። ትንሽ ይጠብቁኝ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ከአሮጌው ኬሻ ተቆልታ የቀረችውን የመጨረሻ ቡና ጨመርኩና ፈጨሁላቸው።

በሳምንቱ ሐሙስ ዕለት አባቴ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ሳለ እትዬ ዘይነባ ከበሩ ላይ ሆነው ጀመሩ።

"ኦቦ ታደሰ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ያንን ቡና ከየት አመጡት?"

"የትኛውን?"

"ያለፈውን ነዋ! ወላሂ ሾፌሮቼ አንድ ጠጥተው የሚሄዱት ሁለት ሦስት አሉ። የቡራዩው ወንድሜ መጥቶ ቀመሰና 'ካፌውን ስከፍት ይህንን ነው የምፈልገው፣ በሳምንት ሃያ ኪሎ' አለኝ። ሽታው አለ አይደል፣ እንዲህ..." አሉና በእጃቸው አየሩን ቆንጠር አደረጉት፣ "ስሙ አይወጣለትም።"

አባቴ ፊቱ በራ። እኔ በዚያች ደቂቃ ነገሩ ገባኝ። በወፍጮው ጥርስ መካከል የቀረችው የቅመም ብናኝ ነበረች። ለወጥ የማትበቃ፣ ምን እንደሆነች ሳትታወቅ ቡናው ውስጥ የገባች። ማታ እነግረዋለሁ አልኩ። ማታ ሲሆን ነገ ጠዋት አልኩ።

አባቴ ለእትዬ ዘይነባ ከአዲሱ ኬሻ ሰጣቸው። ሰኞ ተመልሰው መጡ። "ይህ እሱ አይደለም፣ አይሸውዱኝ" አሉ፣ ግማሽ በቀልድ። ማክሰኞ አባቴ ራሱ ሻይ ቤቱ ሄዶ ከአሮጌው የተረፈውን አስፈልቶ ቀመሰና ሲመለስ እርግጠኛ ሆኖ ነበር። "የኬሻው ልዩነት ነው። ያ ፍሬ ሌላ ነው። አፍንጫዬ እንዴት አለፈው?" አለ። ረቡዕ ተጂ ሄዶ ነጋዴውን ኦቦ ገመቹን አገኘ። ከአሮጌው ዓይነት ስምንት ኬሻ ቀርቶት ኖሯል። ግን ሌላ ሰው ጠይቆታል፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚያቆይለት።

ለስምንት ኬሻ የሚሆን ገንዘብ ቤታችን ውስጥ አልነበረም። የነበረችው ሻሼ ናት። ሻሼ የእናቴ ላም ነበረች፤ ሱሉልታ፣ አክስቴ ጋ ነው የምትኖረው፣ ሣሩም ብርዱም ለላም የሚስማማው እዚያ ስለሆነ። በየአሥራ አምስት ቀኑ በታክሲ ቅቤ ይላክልናል፣ በወተቱ ሽያጭ የእኔና የታናሽ እህቴ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል። እናቴ በራሷ ስም የምትጠራው ሌላ ነገር አልነበራትም። ረቡዕ ማታ እራት ላይ ሆነው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ሻሼን?" አለች እናቴ።

"ካፌው ሲከፈት በስድስት ወር ሌላ ላም ትገዣለሽ፣ ምናልባትም የተሻለች።"

"እርግጠኛ ነህ ግን ታደሰ?"

"አፍንጫዬን ነው የምትጠራጠሪው?"

"እሱንማ ምን ብዬ" አለች። ከዚያ ሳህኑን አነሳች። ቆይታ ደግሞ "አርብ እኔው ልሂድ፣ በእኔ እጅ ትሸጥ" አለች።

እኔ እንጀራዬን እየቆረስኩ ነበር። ሐሙስ ትምህርት ቤት በደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ ጻፍኩት፣ "አባዬ፣ ወፍጮው ላይ ቅመም ፈጭቼ ነበር።" ቀድጄ ኪሴ ከተትኩት። ወደ ሱቅ ስገባ አባቴ እያፏጨ ለስምንቱ ኬሻ ቦታ ያመቻቻል፣ አሮጌ ካርቶኖቹን አውጥቶ ወለሉን ጠርጎታል። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ዋለ፣ አደረም። አርብ እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለአክስቴ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛ ወደ ሱሉልታ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ፣ እናቴ ገንዘቡን ይዛ እንደደረሰች ተጂ ለመሄድ፣ ኮቱን ለብሶ ወደ ሱቅ ሲመጣ እኔ ቀድሜው ደርሼ ነበር። ከቤት ሁለት ጀበና ይዤ መጥቻለሁ። ከአዲሱ ኬሻ የተቆላውን ቡና መጀመሪያ በንጹሕ ወፍጮ ፈጨሁ። ቀጥሎ ሁለት ፍሬ ኮረሪማና ጥቂት ቅርንፉድ ፈጨሁና በጨርቅ ጠረግሁ፣ ከዚያ ያንኑ ቡና ደገምኩት። ሁለቱንም አፈላሁ። ሁለት ሲኒ ቀዳሁና ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት።

"ምነው ዛሬ በሁለት?" አለ። የመጀመሪያውን ቀመሰ። "እሺ፣ ይሄ የኛው ነው።" ሁለተኛውን ወደ አፉ ሲያደርስ ገና እጁ ቆመ። አሸተተ። ጠጣ። "ገመቹ ናሙና ላከ እንዴ? በማን ላከው?"

ከፊቴ የቆመ ሌላ ሰው አልነበረም። ማሽኑም አይጮኽም ነበር።

"ከአንድ ኬሻ ነው" አልኩት።

"ምኑ?"

"ሁለቱም። ከዚህኛው ኬሻ። ያን ጊዜ የእማዬን ቅመም እዚህ ፈጭቼ... አፉን ሳላጥብ ነው።"

ሲኒውን አስቀመጠ። ወደ ወፍጮው ሄደ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ቀና ሲል ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ "ካወቅሽ ስንት ቀን ሆነሽ?" አለኝ።

"ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ" አለ። ከዚያ ስልኩን ከኮቱ ኪስ አወጣ፤ በላስቲክ የተሸፈነች ወፍራም ስልክ ነበረችው። ለአክስቴ ጎረቤት ደወለ። እናቴ እስክትጠራ ድረስ እየጠበቅን ከስልኩ ውስጥ ዶሮና የልጅ ለቅሶ ይሰማ ነበር። "ተሸጠች?" አላት። ገዢው ግቢ ውስጥ ቆሞ የሻሼን ጥርስ እያየ ኖሯል። "ተዪው፣ አትሽጫት። የእኔ ስህተት ነው" አለ። እናቴ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ስልኩን ሲዘጋ ግን "'እኔስ መቼ ወድጄ' አለች" አለኝ። የእኔን ስም አልጠራላትም፣ ያን ዕለትም ሆነ ከዚያ በኋላ።

ለእትዬ ዘይነባ መንገር ግን የእኔ ፋንታ እንዲሆን አደረገ። አብረን ሄድን። ሻይ ቤቱ በሾፌርና በረዳት ሞልቷል። አባቴ በሩ አጠገብ ቀረ፤ እንደማይናገርልኝ ገባኝና ዓይኔን ጠረጴዛ ላይ ባለው የስኳር ዕቃ ላይ ተክዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ የገረማቸው የነገርኳቸው ሳይሆን መናገሬ ነበር።

"እናንተ፣ ስሙ! ይቺ ልጅ ድምፅ አላት!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። "ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ቅመሙን ይጨምሩበታ! የፈለግነው እሱን አይደል?"

"እኔ ቡና ነው የምቆላው" አለ አባቴ።

"እንግዲያው እኔው እጨምራለሁ፣ ኩራትዎን ይዘው ይቀመጡ!"

ጨመሩም። አንድ ወር ያህል ሻይ ቤታቸው ሁለት ዓይነት ቡና አቀረበ። መንገደኛ፣ አንድ ጠጥቶ የሚሳፈር ሰው፣ ባለ ቅመሙን ይወደው ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሰበታ አየር ጤና የሚመላለሱት፣ አራትና አምስት ሲኒ የሚጠጡት ሾፌሮች ግን እያደር ሸሹት። አንደኛው፣ ሁልጊዜ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ ረዥም ሰው፣ "እትዬ ዘይነባ፣ የመጀመሪያው ሲኒ ግሩም ነው፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን እንጀራ አምጪልኝ ማለት ያምረኛል" አላቸው። ያ የመጀመሪያው ቡና የተወደደው ምን እንደገባበት ስላልታወቀ ይሁን መጠኑ ትንሽ ስለሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እትዬ ዘይነባ ልኩ እጃቸው ላይ አልያዝ አላቸው። አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን አይሰማም። የቡራዩው ወንድማቸው ካፌውን በሌላ ሰው ቡና ከፈተ። ካፌው አሁንም አለ፤ በፊቱ በታክሲ አልፋለሁ፣ ገብቼ አላውቅም።

ከዚያ ሁሉ ለእኛ የተረፈችልን ሻሼ ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል። አባቴ አልተቆጣኝም፣ ሕጉንም አልደገመልኝም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ግን ከበርሜሉ የጨለፈውን ማንኪያ ወደ አፍንጫው ማድረሱን ተወ። ያቺን ማንኪያ ወደ እኔ ማምጣት ጀመረ። "በቃው?" ይለኛል። መጀመሪያ የሚፈትነኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እያደር ደንበኛ "ይህ የየት ነው ኦቦ ታደሰ?" ሲለው እንደ ድሮው አያሸትም፣ ኬሻው ላይ የተጻፈውን ያነባል። የጅማውን ከወለጋው እለያለሁ ሲል ሁለተኛ አልሰማሁትም። በከተማው ሁሉ ፊት ያላፈረው ሰው በአንዲት ሲኒ ከአፍንጫው ጋር ተቀያይሞ ነበር፤ ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

እኔም ፍሬው የሚደርስበትን ቅጽበት አውቅ ነበር፣ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እዚያ ሽታ ውስጥ አድጌያለሁ። ችግሩ በማወቄና በመናገሬ መካከል ሁልጊዜ ጥቂት ሴኮንዶች አሉ። በርሜሉ ይጮኻል፣ ስለዚህ "ይውጣ" ማለት መጮኽ ነው። በሩ ላይ የቆሙ ሰዎች ይሰማሉ፣ ምናልባት ዞር ብለው ያያሉ። አፌን ከፍቼ እዘጋለሁ። አባቴ መያዣውን ይዞ ይጠብቃል። በእነዚያ ሴኮንዶች ቡናው ከቡናማ አልፎ ይጠቁራል፣ ወዙ ወደ ላይ ይወጣል። በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሾፌሮቹ "ኦቦ ታደሰ ዘንድሮ ቡናውን ጠቆር አደረገው፣ ጥሩ ነው፣ ያነቃል" ማለት ጀመሩ። እትዬ ዘይነባም ያንኑ አምስት ኪሎ ወደ ስምንት አሳደጉት፣ ቅመሙንም ተዉት። ከአለም ገና ድረስ የሚመጣ ሰው ነበር። የሰበታ ሰው ጥቁር ቡና ይወዳል ሲባል እሰማለሁ፤ እንዴት እንደጀመረ ግን አባቴና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ዝናብ አባሮት ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰው ታጭቆ ቆሞ ሳለ፣ ከወትሮው የበለጠ ዘገየሁ። ከተጠለሉት መካከል የክፍሌ ልጆች ነበሩ። ከበርሜሉ ቀዳዳ ጭስ መውጣት ጀመረ፣ የአንድ ሙሉ ቀን ቡና ነበር። ሰዎቹ ማየት ጀመሩ፣ አንዱ "ኦቦ ታደሰ፣ ተቃጠለ እኮ!" አለ። አባቴ እጁን መያዣው ላይ አድርጎ ቆሟል። ማሽኑን አያይም፣ እኔን ነው የሚያየው። መሳብ ይችል ነበር፣ ምንም አልከለከለውም፣ ጭሱም ዓይኑን ያስለቅሰው ነበር፤ ግን አልሳበም።

"ይውጣ!" ብዬ ጮኽኩ። አስፋልቱ ማዶ ያለው ባለ ካሴት ሳይቀር ዞረ።

አባቴ መያዣውን ሳበውና ቡናው ከበርሜሉ ሥር ወዳለው ወንፊት ተራገፈ። በጭሱ መካከል አንድ ፍሬ አንስቶ በጣቶቹ ሰበራት።

"ሰማሁ" አለ።